ቴክሳስ የሰጠችውን ቴክሳስ ስትነሳ፦ የአሜሪካ ወግ አጥባቂዎች በኢሚግሬሽን ላይ ለምን አይስማሙም?

በ2001 የቴክሳስ ምክር ቤት፣ ያለ ሕጋዊ የመኖሪያ ወረቀት እዚያው ያደጉ ልጆች የስቴቱን ዩኒቨርሲቲዎች እንደ ማንኛውም የቴክሳስ ነዋሪ በዝቅተኛው ክፍያ እንዲማሩ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። በአሜሪካ የመጀመሪያው ነበር። የፈረሙት ሪፐብሊካኑ አገረ ገዥ ሪክ ፔሪ ሲሆኑ በምክር ቤቱ የተቃወሙት እንደራሴዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከዐሥር ዓመት በኋላ ፔሪ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ፣ ሴፕቴምበር 2011 ኦርላንዶ ላይ በተካሄደ ክርክር ይህ ሕግ ተመዘዘባቸው። እሳቸውም የእነዚህን ልጆች መማር የሚቃወሙትን “ልብ ያላችሁ አይመስለኝም” አሏቸው። ከዚያ ምሽት በኋላ ዘመቻቸው ቁልቁል ሄደ። ጁን 4 ቀን 2025 ደግሞ የፌዴራሉ ፍትሕ ሚኒስቴር በዚሁ ሕግ ሰበብ ቴክሳስን ከሰሰ። የቴክሳስ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ኬን ፓክስተን ስቴታቸው ያወጣውን ሕግ ሊከላከሉ ቀርቶ በክሱ ተስማሙ፤ ዳኛውም በዚያው ቀን ሕጉን ሻሩት። 24 ዓመት የቆየ ሕግ አንድ ሙሉ ቀን እንኳ አልተሟገተም።

ያው ስቴት፣ ያው ፓርቲ። እኛ ቡና ላይ ስናወራ ነገሩን “ሪፐብሊካን ስደተኛ አይወድም፣ ዴሞክራት ይወዳል” ብለን እንቋጨዋለን። በየስቴቱ የሚወጡትን ሕጎች ለመረዳት ግን ይህ አባባል ብዙም አያራምድም። ወግ አጥባቂ የሚባለው ወገን በዚህ ጉዳይ ላይ ቢያንስ አራት ቡድን ነው፤ እርስ በርሱ ይወቃቀሳል፣ ፍርድ ቤት ይካሰሳል። የትኛው ቡድን እንዳሸነፈ በንግግር አይታወቅም። ሕጉ ውስጥ “ይህ ድንጋጌ እነ እገሌን አይመለከትም” የምትለዋን ዐረፍተ ነገር ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል። (ዓመቶቹና ወራቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የ1986 ቂም

ሮናልድ ሬጋን ኖቬምበር 1986 የፈረሙት ሕግ ሁለት ክንድ ነበረው። በአንደኛው፣ ከ1982 በፊት ገብተው የኖሩ ሰዎችና የተወሰኑ የእርሻ ሠራተኞች ወረቀት እንዲያገኙ ተፈቀደ፤ 2.7 ሚሊዮን ያህል ሰው ተጠቀመበት። በሁለተኛው፣ ከዚያ ወዲያ ወረቀት የሌለውን ሰው እያወቀ የሚቀጥር አሠሪ እንዲቀጣ ተደነገገ። የመጀመሪያው ተፈጸመ። ሁለተኛው ግን “እያወቀ” በምትለው ቃል ላይ ተሰናከለ፦ አሠሪው የቀረበለት ሰነድ ለዓይን ትክክለኛ እስከመሰለ ድረስ ተጠያቂ አይሆንም። የሐሰት ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ (ለመቀጠር የሚጠየቀው መለያ ቁጥር ያለበት ካርድ) ገበያ ደራ። በ2007 ወረቀት የሌላቸው ሰዎች ቁጥር 12 ሚሊዮን ገደማ ደርሶ ነበር።

ዕድሜው ጠና ያለ ወግ አጥባቂ “የኢሚግሬሽን ማሻሻያ” ሲባል ትዝ የሚለው ይህ ነው። “ሰጠን፣ በልዋጩ ምንም አላገኘንም፤ ስለዚህ ቅድሚያ ድንበሩ ይዘጋ፣ የወረቀቱን ነገር ከዚያ እናያለን።” ጆርጅ ቡሽ በ2007 ያቀረቡት ማሻሻያ በዚሁ ክርክር ወደቀ። በ2013 የሁለቱ ፓርቲ ሴናተሮች የነደፉት ረቂቅ ሴኔቱን 68 ለ32 አልፎ፣ ሪፐብሊካኖች በሚመሩት የተወካዮች ምክር ቤት ለድምፅ እንኳ ሳይቀርብ ቀረ።

ቂሙ መሠረተ ቢስ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን ሁለተኛው ክንድ እንዳይሠራ ይፈልግ የነበረው አሠሪ ብዙ ጊዜ የዚሁ ፓርቲ ደጋፊና ገንዘብ ለጋሽ ነበር። ይህን የሚናገር ፖለቲከኛ ግን ብዙ አይገኝም።

አራቱ ቡድኖች

አሠሪዎቹ፦ ገበሬው፣ የግንባታ ተቋራጩ፣ የሥጋና የዶሮ ፋብሪካው፣ ሆቴሉ። እነዚህ ጉልበት ይፈልጋሉ፤ ጊዜያዊ የሥራ ቪዛ ቢሰፋላቸው ደስታቸው ነው።

ሕግ ይከበር ባዮቹ ጥያቄያቸው ሌላ ነው። ወንድሙ የቪዛ ማመልከቻ ሞልቶለት ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ወረፋ የጠበቀ ሰው እያለ፣ ድንበር ዘሎ የገባው እንዴት ይቀድመዋል? ይህን ክርክር ከሐበሻ አፍ በተደጋጋሚ ሰምቼዋለሁ። በዲቪ የመጣ፣ ሜዲካሉን፣ ኢንተርቪውን፣ የስፖንሰሩን ጣጣ አልፎ የገባ ሰው “እኔ በሕግ መጣሁ” ሲል የቴክሳስ ወግ አጥባቂ ጎረቤቱን ንግግር እየደገመ መሆኑን ላያውቅ ይችላል።

ሦስተኛው ቡድን ግን በሕግ የመጣውንም የሚመለከት ነው። ጥያቄው “እንዴት ገባ?” ሳይሆን “ስንት ይግባ? ማን ይግባ?” የሚል ነው። የአርካንሳው ሴናተር ቶም ኮተንና የጆርጂያው ዴቪድ ፐርዱ በ2017 ያቀረቡት ረቂቅ የዚህ አስተሳሰብ ግልጽ ምሳሌ ነበር፦ ሕጋዊ ስደት በግማሽ ያህል ይቀነስ፣ እንደ ካናዳ በትምህርትና በእንግሊዝኛ ችሎታ ነጥብ ይሰጥ፣ ለእህት፣ ለወንድምና ላደገ ልጅ መሙላት ይቅር፣ ዲቪም ይሰረዝ። ረቂቁ የትም አልደረሰም። ለኢትዮጵያውያን የሚከብደው ሌላው እውነት ግን ይህ ነው፦ “ለስደተኛ የሚያዳላ” የተባለው የ2013ቱ የሁለቱ ፓርቲ ረቂቅም ዲቪን ይሰርዝ ነበር። በ1990ው ሕግ የተፈጠረው ዲቪ በዓመት እስከ 55 ሺህ ቪዛ የተመደበለት ሲሆን ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ዋነኛ ተጠቃሚዎች አንዷ ናት። ሆኖም አንድም ኃይለኛ የንግድ ማኅበር ስለ ዲቪ ብሎ አይከራከርም። ስምምነት ሲፈለግ መጀመሪያ የሚሸጠው እሱ ነው።

አራተኛው የሃይማኖት ወገን ነው። በዩታ፣ ኖቬምበር 2010፣ ነጋዴዎች፣ የፖሊስ ኃላፊዎችና የሃይማኖት መሪዎች ቤተሰብ እንዳይበተን የሚጠይቅ የጋራ መግለጫ ፈረሙ፤ በስቴቱ ትልቁ የሆነው የሞርሞን ቤተ ክርስቲያንም ደገፈው። በ2011 የዩታ ሪፐብሊካኖች ወረቀት ለሌላቸው ሠራተኞች የስቴት የሥራ ፈቃድ የሚሰጥ ሕግ እስከማውጣት ደረሱ። ሕጉ ሥራ ላይ አልዋለም፤ የሥራ ፈቃድ መስጠት የዋሽንግተን እንጂ የዩታዋ ዋና ከተማ የሶልት ሌክ ሲቲ ሥልጣን አይደለምና።

ስቴት ምን ማድረግ ይችላል?

ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደሚባረር የሚወስነው የፌዴራሉ መንግሥት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁን 2012 ላይ የአሪዞናን ሕግ ሲመረምር ከአራት አከራካሪ ድንጋጌዎች ሦስቱን የጣለው በዚህ ምክንያት ነው። የተረፈችው፣ ፖሊስ በሌላ ጉዳይ ያስቆመውን ሰው ከተጠራጠረ የኢሚግሬሽን ሁኔታውን እንዲያጣራ የምታዘው ብቻ ነበረች።

ይሁን እንጂ የዕለት ተዕለት ኑሮን የሚነካው አብዛኛው ነገር በስቴት እጅ ነው፦ መንጃ ፈቃድ፣ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ፣ የንግድ ፈቃድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የካውንቲ እስር ቤት።

አንድ ሰው ያለ መንጃ ፈቃድ ሲነዳ ተይዞ ካውንቲ እስር ቤት ገባ እንበል። ጣቶቹ ማሽን ላይ ይነበባሉ። አሻራው ወደ ኤፍቢአይ፣ ከዚያም ወደ አገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ የመረጃ ቋት ይሄዳል። እስከዚህ ድረስ በሁሉም ስቴት አንድ ነው። አይስ (የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ አስፈጻሚ) ሰውየውን ከፈለገው ለእስር ቤቱ “ዲቴይነር” የሚባል ወረቀት ይልካል፦ ዋስትናውን ቢከፍልም እስከ 48 ሰዓት ድረስ አቆዩልኝ የሚል። ይህ ወረቀት ጥያቄ ነው፤ የዳኛ ትእዛዝ አይደለም። ሰውየው በበሩ ወጥቶ ቤቱ ይገባል ወይስ አይስ መኪና ውስጥ ይገባል የሚለው የሚለየው እዚህች ላይ ነው፤ መልሱም እንደ ስቴቱ ነው።

በሜይ 2017 የቴክሳሱ ሪፐብሊካን አገረ ገዥ ግሬግ አበት የፈረሙት ሕግ ሸሪፎች (የካውንቲ ፖሊስ አዛዦች) ይህን ጥያቄ እንዲያከብሩ አስገደደ። እምቢ ያለ ባለሥልጣን ከሥልጣኑ ሊነሳ ይችላል፤ ቅጣቱም ጥፋቱ ሲደጋገም በቀን እስከ 25,500 ዶላር ይደርሳል። ሦስት ወር ቆይቶ፣ በኦገስት 2017፣ የኢሊኖይው አገረ ገዥ ብሩስ ራውነር ተቃራኒውን ፈረሙ፦ በዲቴይነር ብቻ ሰው ማቆየት ተከለከለ። ራውነርም ሪፐብሊካን ናቸው። በማርች 2018 የፓርቲው ቅድመ ምርጫ፣ በዚህ ሕግና በፅንስ ማቋረጥ ጉዳይ ከቀኝ የተነሱባቸውን ተቀናቃኝ ያሸነፉት ለጥቂት ነው፤ በኖቬምበር ደግሞ ለዴሞክራቱ ተሸነፉ።

ጀርመናዊው ሥራ አስኪያጅ

በጁን 2011 አላባማ በወቅቱ ከየትኛውም ስቴት የከበደ የተባለለትን ሕግ አወጣች። ትምህርት ቤቶች የተማሪዎችን ሁኔታ እንዲመዘግቡ፣ ፖሊስ የተጠራጠረውን እንዲያጣራ፣ አሠሪዎች እንዲፈትሹ አዘዘች። በኖቬምበር፣ ተስካሉሳ ውስጥ አንድ ፖሊስ የሰሌዳ ችግር ያለበት የኪራይ መኪና አስቆመ። ሹፌሩ የያዘው የጀርመን መታወቂያ ብቻ ነበር። ከአዲሱ ሕግ በፊት የቅጣት ወረቀት ተቀብሎ ይሄድ ነበር፤ አሁን ግን ታሰረ። ሰውየው የመርሰዲስ ቤንዝ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ተገኘ። ባልደረባው ፓስፖርቱን፣ ቪዛውንና መንጃ ፈቃዱን ከሆቴል አምጥቶ አስፈታው። አላባማ ይህን ኩባንያ ከሌሎች ስቴቶች ጋር ተሻምታ ያመጣችው በ1993 ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማበረታቻ ሰጥታ ነው።

ነገሩ ሰው አሳቀ። የአላባማ የንግድ ሰዎች ግን አልሳቁም። የቲማቲም ገበሬዎችም የሚለቅም ጠፍቶ ምርታቸው ማሳ ላይ እንደበሰበሰ ይናገሩ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ምክር ቤቱ ሕጉን አሻሻለ፤ ከፍርድ ቤት ክርክር በኋላም አብዛኛው አከራካሪ ክፍል ተግባራዊ አልሆነም።

“አይመለከትም” የምትለዋ ዐረፍተ ነገር

ኢ-ቬሪፋይ አዲስ ተቀጣሪ የሞላውን መረጃ ከፌዴራል መዝገብ ጋር የሚያመሳክር የኢንተርኔት ሥርዓት ነው። የጥገኝነት ጉዳዩ ያልተወሰነለት ሆኖ ሕጋዊ የሥራ ፈቃድ ያለው ሰው ያልፋል፤ በሐሰት ቁጥር የሚሠራው ብዙ ጊዜ ይወድቃል። የ1986ቱን ሁለተኛ ክንድ በእውነት ማስፈጸም የሚፈልግ ስቴት መጀመሪያ የሚያዝዘው ይህን መሆን ነበረበት።

አሪዞና በ2007 ለሁሉም አሠሪ ግዴታ አደረገችው። ሕጉን ተቃውሞ የከሰሳት የሪፐብሊካኖች የቅርብ ወዳጅ የሆነው የአሜሪካ የንግድ ምክር ቤት ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2011 ለአሪዞና ፈረደ። ፍሎሪዳ በ2023 ግዴታ ያደረገችው 25 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ላለው የግል አሠሪ ነው። ከዚያ በታች ያለው የጣሪያ ሠሪ ቡድን፣ ትንሹ ሬስቶራንት፣ አትክልተኛው ነጻ ነው።

ሰሜን ካሮላይና ደግሞ የበለጠ ታሳያለች። በ2011 ያወጣችው ሕግ ከ90 ቀን ያነሰ የሚሠሩ ወቅታዊ ሠራተኞችን አይመለከትም ነበር። በ2013 ምክር ቤቱ ይህን ወደ ዘጠኝ ወር አሳደገው። ሪፐብሊካኑ አገረ ገዥ ፓት ማክሮሪ “ይህማ ቀዳዳ ነው” በሚል ሕጉን መልሰው ላኩት፤ ሪፐብሊካኖች የሚቆጣጠሩት ምክር ቤት ደግሞ እንደገና ድምፅ ሰጥቶ በላያቸው ላይ አጸደቀው። ዘጠኝ ወር ማለት እንግዲህ ከመትከል እስከ መልቀም ነው።

ቴክሳስስ? የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ከስቴቱ ጋር የሚዋዋሉ ኩባንያዎች ይጠቀሙበታል፤ በመላው የግል አሠሪ ላይ ግን ግዴታ አልተጣለም። ድንበር ላይ የሽቦ አጥር የዘረጋው ምክር ቤት ሂዩስተን ውስጥ ቤት የሚሠራውን ተቋራጭ አልነካም። በመድረክ ላይ አሠሪዎቹ ከተሸነፉ ቆይቷል፤ በሕጉ ዝርዝር ውስጥ ግን እስካሁን የሚያሸንፉት እነሱ ናቸው።

ማርች ላይ የሚወሰን ምርጫ

ታዲያ በመድረክ ላይ ለምን ተሸነፉ? መልሱ ያለው በአብዛኛው በቅድመ ምርጫው ነው። ከ1994 ወዲህ በመላው ቴክሳስ በሚካሄድ ምርጫ ያሸነፈ ዴሞክራት የለም። እውነተኛው ውድድር እንግዲህ የኖቬምበሩ ሳይሆን ማርች ላይ በሪፐብሊካኖች መካከል የሚደረገው ነው። በዚያ ቀን ድምፅ የሚሰጠው ሕዝብ ጥቂት ነው፤ ጥቂቱም የበረታው ነው።

ጁን 10 ቀን 2014 ቨርጂኒያ ውስጥ ይህ በጉልህ ታየ። በተወካዮች ምክር ቤት የሪፐብሊካኖች ሁለተኛ ሰው የነበሩት ኤሪክ ካንተር፣ ስማቸው በማይታወቅ የኢኮኖሚክስ መምህር ዴቭ ብራት በቅድመ ምርጫ ተሸነፉ። ብራት ከደጋገሟቸው ክሶች ዋነኛው ካንተር ለኢሚግሬሽን “ምሕረት” ያደላሉ የሚል ነበር። ድምፅ የሰጠው ሰው 65 ሺህ ገደማ ብቻ ነው። የ2013ቱ ረቂቅ ምንም የቀረው ተስፋ ቢኖር በዚያ ምሽት ተቀበረ፤ ሌሎቹ ሪፐብሊካኖችም ትምህርታቸውን ወሰዱ።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 የመረመረውን የአሪዞናን ሕግ የነደፉት የስቴቱ ሴናተር ራስል ፒርስ በኖቬምበር 2011 በተካሄደ የመጥሪያ ምርጫ (ተመራጭን ከዘመኑ በፊት ለማንሳት በሚደረግ ምርጫ) ወንበራቸውን አጡ። ያሸነፏቸው እንደ እሳቸው ሪፐብሊካን፣ እንደ እሳቸው ሞርሞን የሆኑ የሜሳ ከተማ ሰው ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት በፓርቲው ቅድመ ምርጫ ተመልሰው ሲሞክሩ ደግሞ በነጋዴ ተሸነፉ። አራተኛውና የመጀመሪያው ቡድን ሲተባበሩ በቀላሉ የሚገፉ አይደሉም።

የስቴት መብት ለማን?

በባይደን ዘመን ቴክሳስ የፌዴራሉን ሥራ ራሷ ልሥራ አለች። ከማርች 2021 ጀምሮ ወታደርና ፖሊስ ድንበር ላይ አሰፈረች፤ ወጪው ከ11 ቢሊዮን ዶላር አለፈ። ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ ደግሞ ስደተኞችን በአውቶቡስ ወደ ዋሽንግተን፣ ኒውዮርክና ቺካጎ ላከች። ከአጥሩ ሁሉ ይልቅ የፖለቲካውን ሚዛን የለወጠው አውቶቡሱ ይመስለኛል፤ የመጠለያውን ወጪ ዴሞክራት ከንቲባዎች ራሳቸው እንዲያማርሩበት አድርጓልና።

በዲሴምበር 2023 አበት ብራውንስቪል ላይ የፈረሙት ሕግ ከውጭ አገር በሕገ ወጥ መንገድ ቴክሳስ መግባትን የስቴት ወንጀል አደረገ፤ የስቴት ዳኛም ሰው ወደ ሜክሲኮ እንዲመለስ ማዘዝ እንዲችል ፈቀደ። ማርች 19 ቀን 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉ ይጀምር አለ፤ በዚያው ሌሊት የይግባኝ ፍርድ ቤት አቆመው። በዚያ ጊዜ ሥራ ላይ የዋለው ለሰዓታት ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ፣ ኢግል ፓስ ከተማ ውስጥ ያለውን የሼልቢ መናፈሻ ቴክሳስ ተቆጣጥራ የፌዴራል ድንበር ጠባቂዎችን ስትከለክል፣ 25 ሪፐብሊካን አገረ ገዥዎች “ስቴቱ ከወረራ ራሱን የመከላከል መብት አለው” በሚል ከጎኗ ቆሙ።

በሌላ በኩል፣ ቺካጎና ሎስ አንጀለስ ከአይስ ጋር አንተባበርም የሚሉበት ዋነኛ የሕግ መከታ ወግ አጥባቂዎች ራሳቸው ያቆሙት ነው። በ1997 የሞንታናና የአሪዞና ሸሪፎች፣ ጦር መሣሪያ ገዥዎችን እንዲመረምሩ የሚያዝዛቸውን የፌዴራል ሕግ ተቃውመው አሸነፉ። ውሳኔውን የጻፉት ወግ አጥባቂው ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ፣ ዋሽንግተን የስቴት ፖሊስን ማዘዝ አይችልም አሉ። በስተኋላ ይህን አንቀጽ ነቅሰው የጠቀሱት “ሳንክቹዋሪ” የሚባሉት፣ ከአይስ ጋር የማይተባበሩ ከተሞች ጠበቆች ናቸው። ቴክሳስ ደግሞ ለዋሽንግተን “አታዝዘኝም” እያለች ለራሷ ከተማ ለኦስቲን “ታዘዢ” ትላለች። የሁለቱም ወገን ፌዴራሊዝም ዋይት ሀውስ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል።

የቴክሳስ ምክር ቤት መደበኛ ጉባኤ በየሁለት ዓመቱ፣ በጎደሎ ቁጥር ዓመት ጃንዋሪ ተከፍቶ ለ140 ቀን ብቻ ይቆያል። በ2025ቱ ጉባኤ ኢ-ቬሪፋይን ለግል አሠሪዎች ሁሉ ግዴታ የሚያደርግ ረቂቅ ሴኔቱን አልፎ ነበር። የተወካዮች ምክር ቤቱ ጋ ሲደርስ 140ው ቀን አለቀበት።